ሳጥኑ ጥሩ ነው፣ ‹‹ሮጠ›› ግን የለበትም፦ የቃል መመሥረቻ ካርዶች ግምገማ

ሰባተኛ ክፍል አማርኛ ነው የማስተምረው። በየዓመቱ ‹‹የቃላት ምሥረታ›› ላይ ስንደርስ ክፍሉ ያንቀላፋል። አልፈርድባቸውም። ሰሌዳው ላይ ‹‹ልጅ + ነት = ልጅነት›› ብዬ እጽፋለሁ፤ ይገለብጣሉ። ‹‹ደግ + ነት›› እላለሁ፤ ይገለብጣሉ። ፈተና ላይ ሁሉም ያገኘዋል። ከዚያ ድርሰት ጻፉ ስላቸው ከተማሩት አንድም ቃል ብቅ አይልም።

ስለዚህ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የመጻሕፍት መደብሮች በአንዱ ‹‹የቃል መመሥረቻ ካርዶች›› የሚል ቢጫ ሳጥን ሳይ ዋጋ ጠየቅኩ። ትንሽ ተከራከርኩ፣ 600 ብር ከፍዬ ይዤው ወጣሁ። ከራሴ ኪስ መሆኑን የሚመለከተው አካል ልብ ይበልልኝ።

የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም፣ ወቀሳም ስላለኝ። ሳጥኑን ያየ ሰው ግን ያውቀዋል።

ውስጡ አራት ዓይነት ካርድ አለ። ሰማያዊዎቹ ዋና ቃላት ናቸው፦ ልጅ፣ ሆድ፣ ፈረስ፣ ጀግና፣ ቀልድ፣ ቆንጆ የመሳሰሉት። ቀዮቹ ቅጥያዎች ናቸው፦ ነት፣ ኛ፣ ኣም፣ ኣማ፣ ኣዊ፣ ታ። አረንጓዴዎቹ የግሥ ሥሮች ናቸው። ነጮቹ መሃላቸው ተበስቷል፤ ስለ እነሱ ብዙ የምለው አለኝ። ከሥር 16 ገጽ ያላት የመምህር መመሪያ ተቀምጣለች። ሳጥኑ ራሱ ጠንካራ ነው። ካርዶቹ ግን ስስ ናቸው። ከሃምሳ በላይ ልጅ ባለበት ክፍል የቀዮቹ ጠርዝ ወዲያው ተላጠ። በስኮች ለበጥኳቸው፣ አሁን ደህና ናቸው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። መጀመሪያ የተጠቀምኩበት ቀን ማታ አንዲት እናት ደወሉልኝ። ‹‹ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጄ ዛሬ ክፍል ውስጥ ካርታ ስንጫወት ዋልን እያለኝ ነው። እውነት ነው?›› ካርታ ሲባል ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚታሰብ ታውቃላችሁ። በዝርዝር አስረዳኋቸው። ‹‹እህ፣ እንደዚያ ከሆነ እሺ›› አሉኝ። ድምፃቸው ግን ብዙም ያመነኝ አይመስልም ነበር። የምትገዙ መምህራን ለወላጅ ቀድማችሁ ብትነግሩ ይሻላል።

ወደ ካርዶቹ ልመለስ። ሰማያዊና ቀዩን ማጋጠም ቀላል ይመስላል። ‹‹ልጅ››ና ‹‹ነት›› ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ልጅነት ይሆናል፣ አለቀ። ችግሩ የሚጀምረው ‹‹ሆድ›› እና ‹‹ኣም›› ሲገናኙ ነው። ካርዶቹን አጋጥሙና ደብተራችሁ ላይ ጻፉ ብዬ ስዞር ግማሹ ክፍል ‹‹ሆድአም›› ብሎ ጽፏል። ልጆቹ ትክክል ናቸው፤ ካርዱ እንደዚያ ነው የሚያሳየው። አፋቸው ‹‹ሆዳም›› ይላል፣ እጃቸው ካርዱን ይገለብጣል። የእኛ ፊደል አናባቢውን በሆዱ ስለሚይዝ ‹‹ኣ›› ብቻዋን ቆማ አትቀርም፤ ‹‹ድ››ን ‹‹ዳ›› ታደርጋትና ትጠፋለች። ይህን መመሪያው በአንድ መስመር አልፎታል። እኔ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አልቆጨኝም፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ‹‹ጭቃማ››፣ ‹‹መንፈሳዊ››፣ ‹‹ቀንዳም›› ሲመጡ ማንም አልተሳሳተም።

‹‹ኛ››ም የራሷ ጉድ አላት። ‹‹ፈረስ›› ላይ ስትቀጠል ‹‹ፈረሰኛ›› ነው፣ ‹‹ስ›› ወደ ‹‹ሰ›› ትሄዳለች። ‹‹ቀልደኛ››ም እንደዚያው፣ ‹‹ሞተረኛ››ም እንደዚያው። ቋንቋ ላይ ስንመጣ ግን ‹‹ፈረንሳይኛ››፣ ‹‹ትግርኛ››፣ ‹‹ኦሮምኛ›› እንላለን፤ ምንም አይነቃነቅም። ሳጥኑ ለሁለቱም አንዲት ቀይ ካርድ ብቻ ነው የሰጠው። በመጨረሻው ወንበር ያለች አንዲት ልጅ ናት ያየችው። ‹‹ቲቸር፣ ለሰውዬው ሲሆን ትለሰልሳለች፣ ለቋንቋ ሲሆን ትደርቃለች›› አለች። ከዚህ የተሻለ ሕግ በመጽሐፍ አላየሁም። ‹‹ጋዜጣ›› ‹‹ጋዜጠኛ››፣ ‹‹ፖለቲካ›› ‹‹ፖለቲከኛ›› የሚሆነውም በዚሁ ነው፤ የመጨረሻዋ ‹‹ኣ›› ቦታ ትለቃለች።

‹‹ነት››ን ሁላችንም የምናውቃት ይመስለናል። ‹‹ጀግና››ን ስትነካ ግን ‹‹ጀግናነት›› አትልም፣ ‹‹ጀግንነት›› ትላለች። ሌባ፣ ሌብነት። ዳኛ፣ ዳኝነት። ጓደኛ፣ ጓደኝነት። ጌታ፣ ጌትነት። ልጆቹ ራሳቸው ‹‹አራዳ፣ አራድነት›› ብለው ጨመሩበት፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሕጉም ያኔ ገባቸው። መመሪያዋ ‹‹ጀግንነት››ንና ‹‹ዳኝነት››ን በመልስ መስጫው ላይ አስቀምጣለች፤ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ከዚያ ‹‹ቆንጆ›› ወጣ። ያወጣው ልጅ ክርክር የሚወድ ነው። ‹‹ነት›› አስቀጠለበትና ‹‹ቆንጆነት›› አለ። አይባልም አልኩት። ‹‹ቲቸር፣ ደግነት ይባላል፣ ሞኝነት ይባላል። ቆንጆነት ብል ሰው አይገባውም?›› ይገባዋል። ‹‹ታዲያ ምን አጠፋሁ?›› ምንም አላጠፋም። ሕጉን ይዞ ነው የሄደው። ሰው ግን ‹‹ቁንጅና›› ነው የሚለው። ‹‹ጎበዝ›› ጉብዝና፣ ‹‹ጎረምሳ›› ጉርምስና፣ ‹‹ሽማግሌ›› ሽምግልና፣ ‹‹ገበሬ›› ግብርና፣ ‹‹ሐኪም›› ሕክምና። ይህ ሁሉ ቤተሰብ ሳጥኑ ውስጥ የለም። ‹‹ና›› የምትል ቀይ ካርድ እንኳ የለችም። በጣም ገርሞኛል። በነጭ ወረቀት ቆርጬ ራሴ ሠራሁ።

‹‹ና››ን ከሠራሁ በኋላ ነው ትምህርቱ የጣፈጠው። ልጆቹን ‹‹ሌላ አምጡ›› አልኳቸው። ምንኩስና መጣ፣ ድቁና መጣ፣ ውንብድና መጣ። ከዚያ አንዱ ‹‹ሹፍርና›› አለ። ሹፌር ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፣ ከመኪናው ጋር የገባ። ማንም ቁጭ ብሎ ‹‹ሹፌርን እንዴት እናርባው›› ብሎ አልተሰበሰበም። ሰው አፉ ውስጥ አስገብቶ ልክ እንደ ጉብዝና፣ እንደ ቁንጅና ቀርጾ አወጣው። ሰሌዳው ላይ ሦስቱን አንዱን ከአንዱ ሥር ጻፍኩ፦ ጉብዝና፣ ቁንጅና፣ ሹፍርና። የመጀመሪያዋ ካዕብ (ሁለተኛዋ ፊደል፣ እንደ ‹‹ጉ››)፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ሳድስ (ስድስተኛዋ፣ እንደ ‹‹ብ››)፣ ከዚያ ‹‹ና››። ልጆቹ ሳልነግራቸው ቆጠሩት።

ይህ ወደ ነጮቹ ካርዶች ይወስደኛል። የሳጥኑ ዋጋ ያለው እዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አረንጓዴው ካርድ ላይ ሦስት ዓምድ አለ። የ‹‹ሰበረ››ን ብትወስዱ በመጀመሪያው ዓምድ ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ፣ ሶ ቁልቁል ይወርዳሉ። በሁለተኛው የ‹‹በ›› ቤተሰብ፣ በሦስተኛው የ‹‹ረ››። ልጅ ሆነን ወደ ጎን ያነበብነውን ገበታ ወደ ታች አዙረውታል ማለት ነው። ነጩ ካርድ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ከፍታቸው የተለያየ። ነጩን በአረንጓዴው ላይ ስትደፉት በየቀዳዳው አንዳንድ ፊደል ብቻ ይታያል። ‹‹አድራጊ›› የሚል ነጭ ካርድ አለ፦ የመጀመሪያው ቀዳዳ ግዕዝ (አንደኛዋ ፊደል) ላይ፣ ሁለተኛው ራብዕ (አራተኛዋ) ላይ፣ ሦስተኛው ሣልስ (ሦስተኛዋ) ላይ። ‹‹ሰበረ›› ላይ ስትደፉት ሰ፣ ባ፣ ሪ። ሰባሪ። ያንኑ ካርድ ሳትቀይሩ ‹‹ጠረገ›› ላይ አንሱና ድፉት፤ ጠራጊ። ‹‹ፈለገ›› ላይ፤ ፈላጊ።

የመጀመሪያዋ ‹‹ጠራጊ›› በቀዳዳው ስትታይ የነበረውን ድምፅ ብትሰሙ! ‹‹እንዴ! እንዴ! ቲቸር ድገሚው!›› ሃያ ዓመት ልታስረዱት የምትታገሉት ነገር፣ ማለትም አማርኛ ቃል የሚወልደው ከጎን በመለጠፍ ብቻ እንዳልሆነ፣ ተነባቢዎቹ ቆመው አናባቢው በመሃላቸው እንደሚለዋወጥ፣ በአንዲት የተበሳች ወረቀት ታየ። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

ሌሎቹም ነጮች ጥሩ ናቸው። ‹‹ድርጊቱ›› የሚለው ካርድ ሳድስ፣ ግዕዝ፣ ራብዕ ነው፦ ጥረጋ፣ ፍለጋ፣ ፍተሻ፣ ስረዛ። ሳድስ፣ ራብዕ፣ ሳድስ ደግሞ ድካምና ስካር ይሰጣል። ሦስቱም ሳድስ ሲሆኑ ልብስና ምርጥ ይወጣሉ።

ካርዱ ግን ደንቆሮ ነው፤ የሚባለውንና የማይባለውን አይለይም። ‹‹ድርጊቱ››ን ‹‹ለበሰ›› ላይ ብትደፉት ‹‹ልበሳ›› ይላችኋል። ‹‹ሰከረ›› ላይ ‹‹ስከራ››። መመሪያው ይህን እንደ ችግር አይቶት ‹‹መምህሩ ቀድሞ ያልሆኑትን ይለይ›› ይላል። እኔ ተቃራኒውን አደረግኩ። በየቡድኑ ሁለት ክምር እንዲሠሩ አዘዝኩ፦ ‹‹የሚባል›› እና ‹‹የማይባል››። ያልተስማሙበት መሃል ላይ ይቀመጣል። እውነተኛው ትምህርት መሃል ላይ ያለው ነው። ‹‹ልበሳ›› ላይ ሁለት ቡድን ተጣላ። አንዷ ‹‹አለባበስ እያለ ልበሳ ምን ያደርጋል?›› ብላ ዘጋችው። ትክክል ናት፤ ቦታው ተይዟል። የሚያሳዝነው ‹‹አለባበስ››ን፣ ‹‹አነጋገር››ን፣ ‹‹አረማመድ››ን የሚሠራ ነጭ ካርድ የለም። መሃለኛው ፊደል ስለሚደገም አራት ዓምድ ይፈልጋል፣ አረንጓዴው ካርድ ሦስት ነው ያለው። የእናቶቻችን ግማሽ ተግሣጽ በዚህ ቅርፅ አይደለም እንዴ የሚመጣው? አቀማመጥሽ፣ አበላልሽ፣ አነጋገርሽ!

አሁን ትልቁ ጉድለት። ‹‹አድራጊ››ን ‹‹ከፈተ›› ላይ ድፉት። ‹‹ከፋቲ›› ይላል። ‹‹ገደለ›› ላይ ‹‹ገዳሊ››። ‹‹መረጠ›› ላይ ‹‹መራጢ››። ‹‹ለበሰ›› ላይ ‹‹ለባሲ››። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ፤ የሕፃን አፍ ነው የሚመስለው። ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ከፋች፣ ገዳይ፣ መራጭ፣ ለባሽ ይላል። ይህ ድንገተኛ አይደለም፣ ሰባት ፊደላት ላይ የሚሆን ሥርዓት ነው። ት ወደ ች፣ ድ ወደ ጅ፣ ጥ ወደ ጭ፣ ስ ወደ ሽ፣ ዝ ወደ ዥ፣ ን ወደ ኝ፣ ል ወደ ይ ይሄዳሉ። ‹‹ኢ›› ስትከተላቸው ምላስ ወደ ላንቃ ከፍ ትልና ትለውጣቸዋለች። ሰባቱን የሚያሳይ አንዲት ተጨማሪ ካርድ ቢኖር ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር። የለም። መመሪያው ‹‹አንዳንድ ቃላት ይለወጣሉ›› ብሎ ተገላገለ። አንዳንድ? የኩሽናው ዕቃ ግማሽ ነው እኮ!

ይህን በቤት ሥራ አሳየኋቸው። ማዕድ ቤት ገብታችሁ ‹‹መ›› ወይም ‹‹ማ›› ብሎ የሚጀምር ዕቃ ሁሉ መዝግቡ፣ ከየትኛው ግሥ እንደመጣም ጻፉ አልኳቸው። በማግሥቱ የመጣው፦ ከመክተፍ መክተፊያ፣ ከመጥረግ መጥረጊያ። እነዚህ ምንም አልሆኑም፣ ‹‹ኢያ›› ብቻ ጨመሩ። ከዚያ ከመጥበስ መጥበሻ፣ ከመክፈት መክፈቻ፣ ከመቁረጥ መቁረጫ፣ ከመክደን መክደኛ፣ ከማማሰል ማማሰያ፣ ከማጥለል ማጥለያ። ከሰባቱ ፊደላት አምስቱ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ተገኙ። በካርቶን ቆርጠን ሰባቱን ጥንድ የያዘች ቀጭን ማሰሪያ ሠራን፤ ልጆቹ ‹‹ቀያሪዋ›› አሏት። አሁን ቀዳዳው ‹‹ከፋቲ›› ሲል ቀያሪዋ ትመጣለች።

ትንሽ ወጣ ልበል። ‹‹ወደደ›› ከሁሉም ያስቸግራል። ‹‹ወዳጅ›› እንላለን፣ ደግሞም ‹‹ሰላም ወዳድ››፣ ‹‹ሀገር ወዳድ›› እንላለን። አንድ ግሥ ለውጡን ተቀብሎም ሳይቀበልም ሁለት የተለያየ ሰው ወለደ። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ይጠይቁኝ።

የመመሪያዋን መልስ መስጫ ሳታጣሩ አትመኑ። ‹‹መክደን›› ትይዩ ላይ ‹‹መክደኒያ›› የሚል ታትሟል። እኔ በሕይወቴ መክደኒያ አምጪ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሳጥኑ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ሰውዬ ትሑት ነበር። ‹‹አዎ እትዬ፣ ሌላም ሰው ነግሮናል፣ በሚቀጥለው እትም ይታረማል›› አለኝ። የተሸጠውስ? ‹‹እሱማ…›› አለና ዝም አለ። የማረሚያ ወረቀት አትሞ መደብሩ ላይ ማስቀመጥ ስንት ብር ይፈጃል?

እኛ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ባልደረባ አለኝ፣ ከቅኔ ቤት የመጣ። ሳጥኑን መምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳለሁ ገባ። ነጩን ካርድ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አየበት፣ ፈገግ አለ። ‹‹ይሄ እኮ እርባ ነው›› አለኝ፤ ቅኔ ቤት የሚማሩትን የግዕዝ ግሥ ማርባት ማለቱ ነው። ‹‹እኛ በጨረቃ ስናዜመው የነበረውን ካርቶን ላይ በስተውት ነው?›› ከዚያ ስምንቱን አርእስተ ግሥ፣ ማለትም ሌሎቹ ግሦች በእነሱ አምሳል የሚረቡባቸውን፣ በአንድ ትንፋሽ አወረደው፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። የግዕዝ ግሥ ሁሉ ከእነዚህ ከስምንቱ በአንዱ ይገባል፣ ተማሪው ቤቱን ካወቀ ቀሪውን ራሱ ያረባል።

እስኪ ልብ በሉ። ‹‹ቆመ››ና ‹‹ሤመ›› የራሳቸው ቤት አላቸው። መሃላቸው የጎደለ ግሦች ከጥንት ጀምሮ ችግር እንደሆኑ ይታወቅ ነበር፣ ስለዚህ ለብቻቸው ቤት ተሰጣቸው። ይህ ሳጥን ግን ሦስት ተነባቢ ያላቸውን ብቻ ይዞ ሌሎቹን ሁሉ ትቷል። የትኞቹ ቀሩ መሰላችሁ? በላ፣ ጠጣ፣ ሰጠ፣ መጣ፣ ሄደ፣ ሮጠ፣ ገዛ፣ ሸጠ፣ ሰማ፣ ፈታ። ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ቃል ሁሉ! ልጆቹ ካርዱን እንዳዩ መጀመሪያ የጠየቁት ‹‹ቲቸር፣ ሮጠ የት አለ?›› ነው። ሩጫና ሯጭ በሚወደድበት አገር ሯጭን የማይሠራ የቃል ሳጥን! አባቱ ጋራዥ የሚሠራ አንድ ልጅ ‹‹መፍቻ ከምን መጣ?›› ብሎ ‹‹ፈታ››ን ፈልጎ አጣ። ገዢና ሻጭም የሉም፤ ሳጥኑ ራሱ የተሸጠው በማን ነው ታዲያ? መመሪያው ‹‹በሁለተኛው ሳጥን›› ይላል። ሁለተኛው ሳጥን ገበያ ላይ የለም።

ሌላ አንድ ሳጥን ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ በሰው እጅ ላክሁላት። ልጆቿ አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ለእነሱ ነጮቹ ካርዶች ጥሩ ጨዋታ ሆነዋል፤ ፊደል ገበታውን ሳያውቁት ደገሙት። አንድ ነገር ግን ብቻቸውን አይወጡትም። ቀዳዳው ‹‹ሰባሪ›› እና ‹‹ፈላጊ›› በአንድ ቅርፅ ያወጣል። ስናነባቸው ግን ‹‹ሰባሪ›› ላይ ‹‹ባ›› ትላላለች፣ ‹‹ፈላጊ›› ላይ ‹‹ላ›› ትጠብቃለች። የእኔ ተማሪዎች አይሳሳቱም፣ ጆሯቸው ያውቃል። የእህቴ ልጆች ሁለቱንም አላልተው ያነባሉ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፣ ስለዚህ አዘጋጆቹ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ አንዲት ነጥብ ቢያኖሩ ለውጭ ልጆች ትልቅ ነገር ነበር። ያለዚያ ውጭ አገር የሚገዛ ሰው አጠገቡ አያት ወይም እናት ያስፈልገዋል። እህቴ ማታ ማታ በስልክ እኔን ታስነብበኛለች፤ የእነሱ ማታ የእኔ ሌሊት መሆኑን አትርሱ።

ስለ ጥምር ቃላት መመሪያው ግማሽ ገጽ ብቻ ሰጥቷል። ሁለት ሰማያዊ ካርድ አጋጥሙ ይላል፣ ምሳሌው ‹‹ትምህርት ቤት›› ነው። ደረቅ ነው። እኔ በሱ ፋንታ ‹‹አደር››ን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ከፊቱ የሚመጣውን ጠየቅኩ። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር ወዲያው መጡ፣ በዜና ስለሚሰሟቸው። ‹‹ወዛደር››ን ግን አንድም ልጅ አላወቀውም። በእናቶቻቸውና በአባቶቻቸው ዘመን፣ በደርግ ጊዜ፣ ከሬዲዮ የማይጠፋ ቃል ነበር። ወዝና አደር፣ በወዙ የሚያድር። የዚያ ዘመን ገዢ ፓርቲ የኢሠፓ ልሳን የነበረው ጋዜጣም ስሙ ‹‹ሠርቶ አደር›› ነበር። ቃል በመንግሥት ጊዜ ተሠርቶ ከመንግሥቱ ጋር እንደሚሄድ፣ አንዳንዱም እንደ አርሶ አደር ተርፎ እንደሚቀር ማሳየት በሁለት ሰማያዊ ካርድ አይቻልም። ይህን ክፍል ዝለሉት።

ያልጠበቅኩት ጥቅም አንድ አለ። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አለ። ቃላቱን የሚሰበስበው በግሡ ሥር ስለሆነ ‹‹መጥረጊያ››ን ‹‹መ›› ላይ የፈለገ ልጅ አያገኘውም፣ ‹‹ጠረገ››ን ማወቅ አለበት። ቀድሞ ልጅ አንስቶት ሲመልሰው ነበር የማየው። አሁን ሁለት ሦስት ልጆች ግሡን ከቃሉ ውስጥ ፈልቅቀው እያወጡ ይገቡበታል።

ስለዚህ ግዙት ወይስ አትግዙት? መምህር ከሆናችሁና ጊዜ ካላችሁ ግዙ። ለነጮቹና ለአረንጓዴዎቹ ብቻ ብላችሁ ግዙ። ቀዮቹንና ሰማያዊዎቹን በካርቶንና በማርከር ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ራሳችሁ ትሠሯቸዋላችሁ፤ ‹‹ና››ንም ስለምትጨምሩበት የእናንተ ይሻላል። ቀያሪዋንም ሥሩ። ወላጅ ሆናችሁ ለአንድ ልጅ ከሆነ 600 ብር ይበዛል፤ ለአንድ ሰፈር ልጆች ተዋጥታችሁ ከሆነ ያዋጣል። እኔ ከገዛሁበት መደብር ትይዩ ያለው በ550 ሲሸጠው አይቻለሁ፣ ስለዚህ ተከራከሩ።

በስልክ ያነጋገረኝ ሰውዬ ሁለተኛው ሳጥን ለመስከረም ይደርሳል ብሎኛል። የየትኛው ዓመት መስከረም እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሲወጣ እዚያው መደብሩ ውስጥ አስከፍቼ መጀመሪያ የምፈልገው ‹‹ሮጠ››ን ነው፣ ቀጥዬ ‹‹በላ››ን። ካሉ ገንዘቤን አወጣለሁ።